የዋንዛውን ቅጠል ማን ይጠርግ እንደነበር

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ

አስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ ሰባት ወር ከአራት ቀን ሆነ። የምጽፍልሽ ስለናፈቅሽኝ ነው ብል ውሸት አይሆንም፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። የምጽፍልሽ ተቆጥቼ ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን እንደዚህ ተቆጥቼሽ አላውቅም። መልስ መስጠት በማትችይበት ጊዜ መሆኑ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ላስታውቅሽ። ልጃችን ጽጌ አርባሽ ከወጣ በኋላ ወደ ሥራዋ፣ ወደ ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ተመልሳለች። በየወሩ መጀመሪያ ትጽፍልኛለች፤ ፊደሏ አሁንም ወደ ጎን ጋደል ይላል። የማድቤቱ ጣሪያ በክረምቱ ሁለት ቦታ አፍስሶ ነበር፣ አስጠግኜዋለሁ። ዶሮዎችሽን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ሣሩን እየጫሩ አስቸገሩኝ። ሣሩ ራሱ ክረምቱን በደንብ ይዞ ከርሟል።

ይህን ሣር የተከልኩት የትምህርት ቤታችንን ህንዳዊ ዲሬክተር ግቢ አይቼ፣ ቀንቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሰፈሩ ሰው በየግቢው ጎመንና ድንች ሲተክል፣ እኔ ሰርዶ ተክዬ በማጭድ እኩል አደርግ ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ ሙዘሚል በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «መምህር፣ አንድ በግ እንኳን የለዎት፤ ይሄን ሁሉ ሣር ማን ሊግጠው ነው?» ቢሉኝ፣ አንቺ ከማድቤት ሆነሽ «ራሱ ነዋ!» አልሽ። ሐጂ ሲስቁ ቆባቸው ወደቀ። እኔ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ።

ችግሩ ዋንዛው ነበር። ኅዳር ሲጋመስ መርገፍ ይጀምራል፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ሦስት ቀን ካልተነሳ ከሥሩ ያለው ሣር ይገረጣል። ስለዚህ ጡረታ በወጣሁ ዓመት ደንብ አወጣሁ። ቅጠሉ በየማለዳው ይጠረጋል፣ በጓሮ በር ወጥቶ ከቦዩ ማዶ ይደፋል። አንቺም «ይሄን ለእኔ ተወው፤ አንተ ጋዜጣህን ግዛ» አልሽኝ። እኔ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ፣ ፌርማታው ጋ ጋዜጣ ገዝቼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ። ስመለስ ሣሩ ጠርቶ፣ ቁርሱም ደርሶ፣ አንቺ መጥረጊያሽን ይዘሽ ሣሩ መሃል ቆመሽ አገኝሻለሁ። አንድም ቀን አልጓደለም። ሥራ በሥርዓት ሲሠራ እንዲህ ነው እያልኩ በሰው ፊት አወድስሽ ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር ውስጥ፣ ዋንዛው መርገፍ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ ብመለስ፣ የጓሮው በር ተከፍቶ፣ አንዲት ሴት ግቢያችን ውስጥ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በጆንያ ስታጭቅ አገኘኋት። ከገበያው በታች ካሉት ማገዶ ሻጮች አንዷ ነች። ሌባ አልኳት። በሩን ማን እንደከፈተላት ጠየቅኋት። በላይኛው ሳንቃ ቀዳዳ እጇን አስገብታ መቀርቀሪያውን እንዴት እንደምታነሳ አሳየችኝ፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ቤት በር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

«ያሳዩኝ እትዬ አስካለ ናቸው» አለች።

የሟች ስም ይዛ የምትዋሽ መሰለኝ። ጮህኩባት። ያጨቀችውን ሁሉ እዚያው ሣሩ ላይ እንድታራግፍ አደረግኋት። አራገፈች፤ ባዶውን ጆንያ አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችና፣ «እንግዲያው ራስዎ ይጥረጉት ጋሼ» ብላ ወጣች።

ራሴ ጠረግሁት። በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር ቆየሁ፤ ስላልለመድኩ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ቀን ሜዳውን በገመድ አራት ቦታ ከፍዬ፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓቴ ያዝኩ። በስምንተኛው ቀን፣ እጄም ወገቤም ከለመደ በኋላ፣ ጠርጎ፣ ሰብስቦ፣ ተሸክሞ ለመድፋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ከዚህ በታች ሊወርድልኝ አልቻለም።

መጥረጊያውን አስደግፌ ቆምኩ። እኔ ከቤት የምለየው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። አንቺ በዚያች ጊዜ ውስጥ ጠርገሽ፣ ተሸክመሽ ደፍተሽ፣ ቁርስ ትሠሪ ነበር ማለት ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ በየጠዋቱ ዓይኔ ሥር የነበረውን ይህን ሂሳብ አንድ ቀን አልሠራሁትም።

ሐጂ ሙዘሚል ሱቅ ሄጄ ስለ ሴትዮዋ ጠየቅሁ። ሐጂ ስኳር እየመዘኑ፣ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ፣ «እህ፣ ሌባዋን ነው?» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «ከድጃ ትባላለች። ወንዙ አፋፍ ላይ ሦስተኛዋ ቤት። ሲደርሱ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ መምህር፣ ሰዉ እሳት የተነሳ ይመስለዋል።»

ከድጃ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ጆንያውንም ሊወስዱ መጡ?»

የሚገባኝን ነው ያለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ዱካ አውጥታ አስቀመጠችኝ። ቅጠላችንን ከመቼ ጀምሮ ትጠርግ እንደነበር ስጠይቃት፣ ሳትደብቅ ነገረችኝ።

ሁለት ዓመት፣ አስካልዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሽን ታምመሽ ነበር። እኔ ለፈተና እርማት ተጠርቼ ከተማ በዋልኩበት ቀን ከከድጃ ጋር ሐኪም ቤት ሄደሻል። ሐኪሙ እንዳታጎነብሺ፣ እንዳትሸከሚ አዝዞሻል። መድኃኒቱን የሽሮ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጪ ነበር። እሷ ትጠርግልሽ ነበር፣ ቅጠሉንም ለማገዶ ትወስድ ነበር። ይህን ሁሉ ከወንዝ አፋፍ የመጣች ሴት ታውቃለች፤ አጠገብሽ የተኛሁት እኔ አላውቅም።

«ለምን ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረች?» አልኳት።

«ብነግርዎት አይቆጡም?»

«አልቆጣም።»

«ወላሂ እንዲህ ነው ያሉኝ፤ ‹ከነገርሽው የመድኃኒቱን ሰዓት በሰሌዳ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅልብኛል። ስበላ ይቆጥራል፣ ስተኛ ይቆጥራል። በስተርጅና፣ ታምሜ ደግሞ ተማሪ ልሁንለት?›» ሳቋ መጣባትና አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

አልቆጣም ብያት ነበር፤ ተቆጣሁ። በእሷ አይደለም፣ በአንቺ። አዎ፣ ሰሌዳ እሰቅል ነበር! መድኃኒት ሰዓት አለው። አዎ፣ እቆጥር ነበር! ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ አንቺ እዚህ ሆነሽ ትነተርኪኝ ነበር። ዋንዛውን በማግስቱ አስቆርጠው ነበር። ሣሩንም ገልብጬ ጎመን እተክልበት ነበር፣ ሐጂም ይስቁብኝ። ከአንቺና ከሣሩ የትኛውን እንደምመርጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ አታውቂም? በለቅሶሽ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ «አንድ ቀን ራሷን አሟት አያውቅም፤ ድንገት ነው» እል ነበር። ከድጃ ከሴቶቹ መሃል ሆና ትሰማኝ ነበር። ሚስቱን የማያውቅ ሰው አድርገሽ ነው በሕዝብ ፊት ያቆምሽኝ።

ይህን ሁሉ እዚያው ዱካ ላይ ሆኜ፣ በሰው ደጅ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከድጃ እስክጨርስ ታገሠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አንድ ነገር ልጨምርልዎት ጋሼ» አለች። «እኔ ስጠርግ እትዬ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጡ ነበር። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እያነሱ በሳቅ ይገድሉኝ ነበር። የውጭው በር ሲንቋቋ ብድግ ይሉና መጥረጊያውን ከእጄ ቀምተው ሣሩ መሃል ይቆማሉ፤ እኔ በጓሮ ሹልክ እላለሁ። እዚያ ድረስ ሲፈጥኑ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። እርስዎ ደግሞ ገና ከመግባትዎ...» ብላ ተወችው።

መጨረስ አላስፈለጋትም። ገና ከመግባቴ የምለውን እኔ አውቀዋለሁ። ከዘራዬን ዘርግቼ፣ አጥሩ ሥር የተረሳችውን ቅጠል እያሳየሁ፣ «እዚያ ጋ ቀርቷል» እል ነበር። እንደምን አደርሽ ከማለቴ በፊት። አንቺም ሄደሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ታነሺው ነበር። አንድ ቅጠል ከሃያ እርምጃ የሚያይ ዓይን፣ አጠገቡ የቆመች ሚስቱ ትንፋሽ እንዳጠራት አላየም።

ስለዚህ ቁጣዬን ለሁለት ልከፍለው ሞከርኩ፤ ያንቺ ይህን ያህል፣ የእኔ ይህን ያህል ብዬ። እንደ ፈተና ወረቀት ደጋግሜ አረምኩት። ድምሩ በየቀኑ ይለያያል። አንዳንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ይሆንና፣ ጫማዬን ሳስር እንደገና በአንቺ እበግናለሁ።

ከድጃ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ተመልሳ መጥታለች። በፊት ለፊቱ በር ግቢ ብላት፣ «እንደ እንግዳ? ኧረ ተዉኝ ጋሼ፣ ለጆንያው የሚመቸው የጓሮው ነው» አለችኝ። ጋዜጣውን አሁን የምገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት እሷ ስትጠርግ አጠገቧ እቆምና ምን ትዪ እንደነበር እጠይቃታለሁ። ስለ ሐጂ ጢም ያልሽውን ነገረችኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ስለ እኔ ያልሽውንም ነገረችኝ። እሱ አላሳቀኝም፤ ሁሉም ግን ትክክል ነው። ትናንት አጥሩ ሥር ሦስት ቅጠል ቀርቶ አየሁ። እያሳከከኝም ቢሆን ዝም አልኩ።

ሰው ሲሞት በጎ በጎው ብቻ ይነሳለታል። እኔ እንዲህ አድርጌ አላነሳሽም። መደበቅሽንም ጨምሬ አስታውሳለሁ፤ ገና ብዙ ቀን እቆጣሻለሁ። መጥረጊያ ይዛ ሣሩ መሃል ቆማ የምትጠብቀኝን አስካለን ግን ከእንግዲህ ትቻታለሁ፤ እሷ ለእኔ ሲባል የቆመች ነበረች። የማስታውሳት ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ እየሞቀች፣ በእኔ የምትስቀዋን ነው። እሷን አንድም ቀን በዓይኔ አላየኋትም። እስከ ዕለተ ሞቴ ግን አልረሳትም።

ቁጣው ያልበረደለት
ባልሽ