የሙራድ ወገብ

ረቡዕ

ዛሬም ሙራድ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቃተው። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሲያየኝ ቀና አለና "አይ አም ፋይን፣ ማሚ" አለኝ። ዋሸ። በምሠራበት ነርሲንግ ሆም ስንቱን ሽማግሌ ከአልጋ አነሳለሁ፤ የታመመ ወገብ አይጠፋኝም።

እሑድ የክሪኬት ቡድኑ የመጨረሻው ምርጫ ነው። የተመረጡት ልጆች ትሪኒዳድ ሄደው ይጫወታሉ፤ እዚያ ጎልቶ የታየ ለአሜሪካ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች ቡድን ይታጫል። ትምህርት ቤቱ እኮ ክሪኬት የሚባል ነገር አያውቅም! ልጄ እዚሁ ክሪስታል በምትባለው ከተማችን፣ መናፈሻው ውስጥ፣ ከሕንድ ጎረቤቶቻችን ጋር ጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው። እኮራለሁ። ግን ከሩቅ ተንደርድሮ ኳሷን ዱላ ወደያዘው ልጅ ሲለቃት ወገቡ እንደ ታጠበ ልብስ ሲጠመዘዝ ማየት አልወድም።

ሐሙስ

ሐኪም ቤት ልውሰደው አልኩ። ባሌ ሰይድ ተቆጣ። "ዶክተር ካየው ከጨዋታ ያስቀምጠዋል። የለፋው ለዚህ ነው?" ታክሲውን አቁሞ ጨዋታ የሚያይ ሰው ነው፤ ሕጉ እስካሁን አልገባውም፣ ጭብጨባው ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ከሥራ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ ወጌሻው ጋሽ ይማም ዘንድ ሄድን። የታክሲ ነጂውን ሁሉ ትከሻ የሚያሸው እሱ ነው። "ጅማት ዞሮበት ነው" ብሎ በቅባት አሸው። የልጄ ጩኸት መኪናው ውስጥ ድረስ ተሰማኝ።

ዓርብ

ተሻለው! ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሰይድ "አላልኩሽም?" ሲለኝ ዋለ። እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ

ልምምድ። አሠልጣኙ "ፋስተር፣ ሙራድ!" ይላል። ስንመለስ ከመኪና ሲወርድ ግራ እግሩን ጎተተ። ምን ሆንክ ብለው ቦርሳውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

ነገ፦
– ፈረቃ መቀየር
– በረዶ መግዛት
– ሙራድ እንዲቀር ሰይድን ማሳመን (እንዴት?)

እሑድ

አላሳመንኩትም። ሙራድ ተንደርድሮ ሲወረውር ወደቀና ተነሣ። ሌሎቹ የተንሸራተተ መሰላቸው። እኔ ፊቱን አየሁ። ውጤቱ ነገ በስልክ ይነገራል።

ለመግሪብ ሶላት ልጠራው ስገባ ተጋድሞ ጣራ ያያል። "እማዬ፣ እግሬ አይታወቀኝም" አለኝ። በአማርኛ። በአማርኛ ካናገረኝ ስንት ጊዜው ነው! ሰይድ ጫማውን ሳያደርግ ወጥቶ መኪናውን አስነሣ።

ሰኞ

ሆስፒታል አደርን። የወገቡ አጥንት በሁለት በኩል ተሰንጥቋል። በፍጥነት የሚወረውሩ ልጆች ላይ ይታያል አሉ፤ ድንዛዜው ግን ዶክተሯንም አሳስቧታል። "መታሸት አልነበረበትም" ስትል ሰይድ መሬት መሬቱን አየ። ለወራት ጨዋታ የለም። እግሩ ይመለስ እንደሆነ ገና አይታወቅም።

ከሰዓት የሰይድ ስልክ ጮኸ። አሠልጣኙ ነው። ተመርጧል። ሙራድ ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሰይድ ግን ወደ መስኮቱ ዞረና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው "ልጄ አይመጣም" አለ።

ሙራድ አልጮኸም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "አይ ሄት ዩ። ቦዝ ኦፍ ዩ" አለ። ሰይድ ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ።

ይጥላን። ብቻ አላህ በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲጠላን ያድርገው።