ስለ ስምንተኛው ጓጉንቸር

ለተከበሩ የዊልጋራ ወረዳ የመንገዶችና የመግቢያ በሮች ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ወንበርስ ተመችቶዎታል? እኔና ባለቤቴ ሞሪን ደኅና ነን። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ወዴትም ስላልሄድን ምን ይነካናል!

ስሜ ክላይቭ ፔንሮዝ ይባላል፤ አርባ ዓመት የናፍጣ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነኝ። በዚህ በሰሜኑ ዳርቻ በመኪና ያልተሻገርኩት አሸዋ፣ ጭቃና ወንዝ የለም። እስከ ዛሬ ያቆመኝ ነገር ቢኖር መዳፍ የማታህል የእርስዎ ጓጉንቸር ናት፤ ስለዚህ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎ እላለሁ።

አንደኛ፣ ስለላኩልን ባለሙያ እናመሰግናለን። ሚስተር ብሬይደን በመንገዳችን መግቢያ በር አጠገብ አዲስ ምልክት ሊተክል፣ ይህንንም ሊያሳውቀን መጥቶ፣ ቤታችን ሊደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው መኪናው አሸዋ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ጎማዎቹን አስፋልት ላይ እንደሚነዳ ሰው ውጥር አድርጎ ነፍቷቸው ነበር። አየሩን ቀንሼ በዊንች ጎትቼ አወጣሁት፤ ሞሪንም ሻይና የሥጋ ሳንዱች አቀረበችለት። «ክላይቭ፣ ይህን ውለታህን መቼም አልረሳውም!» ብሎኝ ሄደ። እውነትም አልረሳውም፤ ሲወጣ በሩን ቆልፎብን ሄደ።

ሁለተኛ፣ ስለ አቆላለፉ። እኛ ጋ በአንድ በር የሚያልፈው ሰው ብዙ ሲሆን ሁሉም የየራሱን ጓጉንቸር ያመጣና ከሌላው ጓጉንቸር ጋር ያያይዘዋል። የከብት አርቢው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ የደን ጠባቂው፣ የእኛም፣ በጠቅላላው ሰባት ጓጉንቸሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች ይይዛሉ። ከሰባቱ አንዱ ሲከፈት ሰንሰለቱ ይላቀቃል፤ እንዲህ ሁሉም በራሱ ቁልፍ ገብቶ ይወጣል። ሚስተር ብሬይደን ግን ስምንተኛውን ከጓደኞቹ መሀል በማስገባት ፈንታ የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች ለብቻው አገናኝቶ ቆለፈበት። የእኛ ሰባቱ አሁን ለጌጥ ተንጠልጥለዋል። የእኔን ከፈትኩት፤ ምንም። መልሼ ቆለፍኩት፤ ያው ምንም። እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ስንት ዓመት ሠልጥኖ ይሆን?

ሦስተኛ፣ ስለ ቢሮዎ ቅልጥፍና። ስደውል ያነሱልኝ ሴትዮ እጅግ ትሁት ናቸው። ቁልፉ ያለው ሚስተር ብሬይደን ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል። «ትርፉ ቁልፍ እንዲሰጥዎ ቅጽ ሞልተው በአካል መቅረብ አለብዎት፤ መታወቂያም እንዳይረሱ» አሉኝ። «እመቤቴ፣ በአካል እንዳልቀርብ እኮ ነው የተቆለፈብኝ!» ብላቸው፣ «እሱን ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ይጻፉት» አሉኝ። ጻፍኩት። ቅጹ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በማንኛውም ሰዓት መጥተው ማየት ይችላሉ።

በሌላ መንገድ ውጣ እንዳይሉኝ፣ የበሩ አንዱ ጎን ገደል፣ ሌላው ጎኑ አዞ የሚርመሰመስበት ወንዝ ነው፤ ከተማውም በእግር የሚደረስበት አይደለም። ጎረቤት መጥቶ ይውሰዳችሁ እንዳይሉኝ፣ ያለን አንድ ጎረቤት ሌስ ሃኒጋን ነው፤ የመኪናው ካምቢዮ ደግሞ ሊጠገን ተፈትቶ እኔ ጋራዥ ተቀምጧል። ሰንሰለቱን ቁረጠው የሚሉኝ ከሆነ፣ ምልክትዎ ላይ በቀይ ቀለም እንደተጻፈው ጓጉንቸሩን፣ ሰንሰለቱን ወይም ምሰሶውን የነካ ሰው የመንገድ ፈቃዱን እስከ መጨረሻው ያጣል። ፈቃዱ ከሌለ እዚህ መኖር ቀረ ማለት ነው። ብረት መቁረጫ ግራይንደሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ሃያ ሰከንድ ነበር የሚፈጅበት።

አራተኛ... ይህን ደብዳቤ ለሞሪን እያነበብኩላት ነው፤ «ክላይቭ፣ ትሁት ሁን እንጂ» ብላኛለች። እሺ። የማነብላት ራሷ ማንበብ ስላልቻለች ነው። ሞሪን ሸራ ሰፊ ናት፤ በዚህ ዳርቻ በጭነት መኪና ላይ የተወጠረ ጥሩ ሸራ ካዩ የእሷ እጅ ሥራ ነው። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ከገና ወዲህ ክሩን በመርፌዋ ቀዳዳ የማስገባላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ስትለምነኝ ፊቷን አዙራ ነበር። የዓይን ሐኪሙ ወደ ከተማችን በዓመት አንዴ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ቀጠሮዋ ነገ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። አስቸኳይ ሕመም አይደለም ስለተባለ እኛን የሚወስድ አውሮፕላን አይላክም። ትናንት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ ዛሬ ልብሶቿን አንድ በአንድ አውጥታ መለሰቻቸው። «ተወው በቃ፣ ለከርሞ ይደርሳል» አለችኝ። በእጄ የማልጠግነው ነገር የለም እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ባዶ ሻንጣዋን ወደ ቦታው መለስኩላት። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለክቡርነትዎ፣ ግልባጩንም ለወረዳችን ጋዜጣ በኢሜይል ልኬአለሁ። እስከ ነገ ማለዳ ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ቢልኩልን፣ እሱም የጎማውን አየር መቀነስ ቢያስታውስ፣ ምስጋናችን ወሰን አይኖረውም።

በጓጉንቸርዎ ጥበቃ ሥር የምገኝ፣ ከእርስዎ ፈቃድ ውጭ አንዲት እርምጃ መራመድ የማይችል፣
ታዛዥዎና እስረኛዎ
ክላይቭ ፔንሮዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋዜጣው ከመታተሙ በፊት ይህችን እንዲጨምሩልኝ ለምኛቸዋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የመጣ ሰው የለም። ንጋት ላይ ሄጄ ምልክትዎን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ጓጉንቸር፣ ስለ ሰንሰለትና ስለ ምሰሶ ይላል እንጂ ስለ በሩ ማጠፊያ አንድም ቃል የለበትም። በሩን ከነማጠፊያው ከሠላሳ ዓመት በፊት በራሴ ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። በሬ በቀንዱ አንሥቶ እንዳያወልቀው ብዬ ብየዳውን አጠንክሬው ስለነበር ማጠፊያዎቹን ቆርጬ እስክጨርስ ድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ሥራዬን በማሳመሬ የተጸጸትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጓጉንቸርዎን ማንም አልነካውም፤ እንደተቆለፈ ነው። በሩ ግን አሁን በወዲያኛው ጎን ይከፈታል፤ የእርስዎ ጓጉንቸር ማጠፊያ ሆኖ ያገለግላል። ለዚህ ሥራ ግሩም ነው፤ ትንሽ ዘይት ብቻ ይቀባ። ይህን የምጽፈው ከሐኪሙ ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ ሞሪን ገብታለች። በሩን ስናልፍ ከመኪና ወርዳ ጓጉንቸሩን በእጇ ዳበሰችው፤ ዓይኗ ሲበራ ከሁሉ አስቀድማ ማየት የምትፈልገው እሱን እንደሆነ ነግራኛለች። እባክዎ፣ እስክንመለስ እንዳያነሡት።