በጠረጴዛዎ ላይ ስላለው ትልቅ ስልክ

ለተከበሩ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለጆሮዎም የማያቋርጥ ዕረፍትን እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር ተቀምጬ የደንበኞችን አቤቱታ ስቀበል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ፣ ባለፈው ሐሙስ ደግሞ በፊርማዎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ማስጠንቀቂያው በሁለት ወር ውስጥ ለአቤቱታ ክፍል ከተደወሉት ስድስት መቶ ሠላሳ ጥሪዎች አንዱንም እንዳላነሣሁ ገልጾ፣ ሰኞ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ከሥራ የማልሰናበትበትን ምክንያት እንዳስረዳ ያዝዛል። ይህንን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ባልደረቦቼም ከምስጋናዬ እንዲካፈሉ ብዬ ነው።

1ኛ. ያረጁትን ስልኮች አስነቅለው በኢንተርኔት የሚሠሩትን ስላስገቡልን አመሰግናለሁ። የድሮው ስልክ የሚያስቸግረን ዝናብ ሲጥል ብቻ ነበር። አዲሱ ግን መብራት ሲጠፋም፣ ኢንተርኔት ሲደክምም፣ የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን በኮምፒውተሩ ኳስ ሲያይም ጭጭ ስለሚል የምናርፍበት ምክንያት በርክቶልናል።

2ኛ. ደንበኛ በደወለ ቁጥር በራስዎ ድምፅ የተቀዳውን የአራት ደቂቃ ንግግር ስለሚሰማ እናመሰግናለን። ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኑ ውኃ የሞላበት ሰው የመሥሪያ ቤታችንን ራዕይና ተልእኮ አዳምጦ ሲጨርስ ለአቤቱታ ሦስት ቁጥርን እንዲጫን ይጋበዛል፤ ሲጫን ሙዚቃ ይከፈትለታል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ በእግራቸው መጡና፣ «ልጄ፣ ስልካችሁ ይዘፍናል እንጂ ሰው የለውም እኮ» አሉኝ። የእኔ ስልክ ግን አጠገቤ ነበር፤ ያን ቀን አንዴም አልጮኸም። በጣም አፈርኩ። የቧንቧ ሠራተኛውን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፤ ምንጣፋቸው ግን አልተረፈም።

3ኛ. ስልኮቹ ስለታደሉበት ሥርዓት ደግሞ የተለየ አድናቆት አለኝ። የገጠማቸው ባለሙያ እያንዳንዱ ስልክ ቁጥሩን ይዞ እንደሚዞር፣ የትም ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ጥሪው ተከትሎት እንደሚሄድ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው ትልቁ ስልክም ጥሪ ለሚበዛበት ለአቤቱታ ክፍል መዘጋጀቱን ነግሮን ነበር። ሆኖም ሰውየው ገና ከግቢው ሳይወጣ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ደረጃ ሥር መቀመጡ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር አይመጥንም ተባለና ትልቁ ስልክ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ወጣ፤ የእርስዎ ትንሹ ስልክ ወደ እኔ ወረደ። ስህተት መሆኑን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ባመለክት፣ ትልቁን ስልክ ለመመኘት የሥራ ደረጃዬ እንደማይፈቅድ ተመልሶልኛል።

እንግዲህ፣ ክቡርነትዎ፣ ስድስት መቶ ሠላሳው ጥሪ ሁሉ የመጣው እርስዎ ቢሮ ነው። ስብሰባ ስለረበሸብዎ ጸሐፊዎ ድምፁን እንድታጠፋው አዝዘዋል፤ እርስዎም በሞባይልዎ ስለሚጠቀሙ የጎደለብዎ ነገር የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልክ ሳነሣ ኖሬ «ስልክ አታነሣም» መባሌ ግን አንገብግቦኛል፤ ይህንን በትሕትና ቃል ልሸፍነው አልቻልኩም።

4ኛ. ለኮሚቴው የማቀርበው ማስረጃ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ትልቁ ስልክ እስከ ሰኞ ካለበት እንዳይነካብኝ እለምናለሁ።

ለከፍተኛ አመራርዎ ያለኝን አክብሮት ከዝቅተኛ ወንበሬ ብድግ ብዬ እየገለጽኩ፣
እስከ ሰኞ ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩት
አቤቱታ ተቀባይዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትንሹ ስልክ የእርስዎን ቁጥር እንደያዘ ስለሆነ ለእርስዎ የሚደወለው እኔ ጋ ይጮኻል፤ እኔም ወዲያው አነሣለሁ። ዛሬ ጠዋት የቦርዱ ሰብሳቢ ደውለው የአቤቱታ ስልካችን ለምን እንደማይነሣ እርስዎን ሊጠይቁ ፈለጉ። ትልቅ ሰው ማስጠበቅ ነውር ስለሆነብኝ ነገሩን ከነምክንያቱ እኔው አስረዳኋቸው። ሰኞ ኮሚቴው ላይ ራሳቸው እንደሚገኙና እርስዎም መልስዎን አዘጋጅተው እንዲቀርቡ አዝዘዋል። ይህንን መልእክት ላደርስልዎ በአቤቱታው ቁጥር ደጋግሜ ደውዬ ነበር፤ አላነሡም።