ከሁሉ ኋላ የምትሄደው መኪና

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ባልሽ ነው። ይህን መጀመሪያ ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከተማ ስትቀይሩ ያን ብስክሌት እኛ ኮሪደር ውስጥ አቁሞ፣ ጡረታ ወጥተህ ቤት ከምትቀመጥ እግርህን አፍታታበት ብሎ ለባሌ የሰጠው እሱ ነው። እግር ማፍታታት! ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ከበር በር የዞረ ሰው፣ እግሩ መቼ ታስሮ ነው የሚፍታታው?

አሁን እንደምን ከረምሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ወንበር ላይ ትራስ ደርበሽ ነው የምትቀመጪው? ልጆቹስ? ትልቋ ሥራ መግባቷን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ደመወዟን በጫማ እንዳትጨርስ ንገሪያት። እኔ ደህና ነኝ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ዓይኔን እያስቸገረው ነው እንጂ ስፌቱን አልተውኩም፤ አሁንም መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ባሌም ደህና ነው። የዛሬው ደብዳቤ ስለ እሱ ደህንነት ነው፤ ቢረዝም አትሰልቺ። የኔ ጽሑፍ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አንቺ የወተት ጥርስሽ ሳይነቀል ፊደል ቆጠርሽ፤ እኔ መነጽር ካደረግኩ በኋላ ነው የቆጠርኩት። አንቺን ተማሪ ቤት አድርሼ እስክትወጪ በር ላይ የቆምኩትን ጊዜ ሁሉ ውስጥ ገብቼ ብቀመጥበት ኖሮ ዛሬ ዳኛ ነበርኩ። ይሁን። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ ገና እነግርሻለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዬ፣ ባልሽ መጥቶ ያን የብስክሌት ብረቱን ይውሰድልኝ ብዬሽ ነበር። አንቺም ሥራ ጋብ ሲልለት፣ የሚመጣው ወር ሲያልቅ በሰው ፒክአፕ መጥቶ ይወስዳል ብለሽ መለስሽልኝ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ባሌ የወደቀ ሳምንት ነው። ክሊኒክ እያመላለስኩት ስለነበር እንዴት እንደወደቀ አልጻፍኩልሽም። ነገሩ እንዲህ ነው።

እግር ማፍታታቱ አልበቃ ብሎት የአማተር ተወዳዳሪዎች ክለብ ገባ። ጠዋት ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጋ ይሰበሰባሉ። አናጢ አለ፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ የቀሩት ልጆች ናቸው። ረቡዕ ዳገት ይሠራሉ፣ ዓርብ ፍጥነት፣ እሑድ ረጅም መንገድ ወይም ውድድር። ቤቴም አብሮ ክለብ ገባ። እንቁላል የሚቀቀለው ለእሱ ነው፤ ሙዝ የሚገዛው ለእሱ ነው። ሙዙን ከሸሚዙ ኪስ ሳያወጣ ስንት ጊዜ አብሬ አጥቤዋለሁ። ሰንሰለት መጥረጊያ ጠፋብኝ ብሎ ደግሞ ለሰው ኮት የቆረጥኩትን ሱፍ ግሪስ ነክሮት አገኘሁት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስለሚያበዛ ልጆቹ አባባ ፍሬን ብለውታል። እሱም ስሙን ወዶት ቤት መጥቶ እየሳቀ ነገረኝ። ሰው በፍርሃቱ ስም ሲወጣለት ደስ ይለዋል?

ታዲያ የወደቀው ቁልቁለት ላይ አይደለም። ሜዳ መንገድ ላይ ነው፤ ቤት ሊደርስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው። የቆመ ታክሲ ውስጥ የነበረች ሴትዮ ዞር ብላ ሳታይ በሩን በረገደችው። ከበሩ ሲሸሽ የፊት ጎማው ክዳኑ የተሰረቀ የቦይ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ያን ጉድጓድ ያውቀዋል እኮ! ሥራ ላይ ሳለ ክዳን ይደረግበት ብሎ ስንቴ አመልክቶበታል።

እኔ እንደ ወትሮው እሑድ በር ላይ ቆሜ ነበር። ብስክሌቱን እየገፋ፣ እያነከሰ መጣ። ሱሪው ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ተተርትሯል። እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ሱሪው ነው እንጂ አለኝ። ሱሪውስ ይሰፋል፣ አንተን ማን ይሰፋሃል ብዬ ጮህኩበት። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ እሱም ተሰፋ።

በር ላይ መቆም ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂውም። የሚመለስበት ሰዓት ሲቃረብ እጄ ሥራ አይዝልኝም፤ እወጣለሁ። የጭነት መኪና ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር እስከ መታጠፊያው ሮጬ አይቼ እመለሳለሁ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ፣ እትዬ፣ ዛሬም ዘበኝነት ገቡ እንዴ ይለኛል። አንድ ቀን ስቄለት አላውቅም።

ቁስሉ ደረቀ፣ የተጣመመውን ቸርኬ አስቀና፣ ደግሞ ወጣ። ይህ ሳያንሰኝ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቅዳሜ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በጣም ቆየ፤ ሲወጣ እግሩን አየሁት፤ ተላጭቷል! ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጭኑ እንደ ሕፃን ገላ ያበራል። ጢሙን እንኳ እኔ ካልጨቀጨቅኩት የማይላጭ ሰው! ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ለውድድሩ ነው አለኝ። ሞኝ አደረገኝ አልኩ። ሴት ናት፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም አልኩ። አትሳቂ። ባልሽ በዚህ ዕድሜው ገና ሳይነጋ ተነስቶ ቢወጣ፣ ሆዱ ቢጠፋ፣ እግሩን ቢላጭ አንቺ ምን ትያለሽ?

በማግስቱ ውድድር ነበረው። እሱ እንደወጣ ሻርፔን ጣል አድርጌ በታክሲ ተከተልኩት። ሴትየዋን በፀጉሯ ልይዛት ነው የሄድኩት። ነዳጅ ማደያው ስደርስ ምን አየሁ? ያ ሁሉ ወንድ ተሰልፎ፣ የሁሉም እግር ላባው እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል። አናጢው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የተከበረው የጥርስ ሐኪም ሳይቀር። የክለቡ አሠልጣኝ መጥቶ፣ ምን ፈልገው ነው እናቴ አለኝ። ምን ልበለው? እግራቸው ምን ሆኖ ነው አልኩት። ሲወድቁ ቁስላቸው እንዲጸዳ፣ ፕላስተሩም ሲነሳ ፀጉር ይዞ እንዳይነሳ ነው አለኝ። አየሽ፣ ለመውደቅ ተዘጋጅተው ነው የሚወጡት። እህቴ፣ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ልመለስ ስል ከሁሉ ኋላ የምትሄደው መኪና ሾፌር ጠራኝ። አሮጌ ሚኒባስ ናት። ውድድሩ ሲጀመር ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ ትሆንና እስከሚያልቅ ትከተላለች። የጭነት መኪና ከኋላ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። የደከመው፣ የወደቀው፣ ጎማው የፈነዳበት ሁሉ ከጀርባው ላይ የተወዳዳሪነት ቁጥሩን ነቅሎ ያስረክብና ይሳፈርባታል፤ የእሱ ውድድር እዚያ ላይ አለቀ ማለት ነው። ያን ዕለት ቁጥር እየተቀበለ የሚመዘግበው ሰው ቀርቶበት፣ እማማ፣ መጻፍ ይችላሉ አለኝ። ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ የጠየቀኝ ሁሉ አሳፍሮኝ ነው የሄደው። እችላለሁ አልኩት፣ መነጽሬን እያወጣሁ።

የተሳፈርኩት ግን ለራሴ ጉዳይ ነው። አባባ ፍሬን አይደል? መጨረሻ የሚሆነው እሱ ነው፤ ሲደክመው ቁጥሩን ተቀብዬ አጠገቤ አስቀምጠውና በቃህ እለዋለሁ፤ ብረቱንም የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ባልሽ ይወስደዋል ብዬ ነው።

አላገኘሁትም። የሰው ልጅ ውሃ ሳጠጣ፣ የሰው ጉልበት ስጠርግ ዋልኩ። ሾፌሩ፣ ባለቤትዎ መሃል ላይ ናቸው፣ እኛ አንደርስባቸውም አለኝ። ማታ ቤት ስንገባ ተቆጣሁት። ያን ሁሉ መንገድ ስከተልህ ውዬ ጀርባህን እንኳ አላሳየኸኝም፣ ባይህ እኮ ሆዴ ይረጋ ነበር አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ።

በሚቀጥለው ውድድር ሾፌሩ ደግሞ ላከብኝ፤ መዝጋቢው ሌላ ሥራ ይዟል አለ። ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እህቴ፣ ባሌ መጨረሻ ሆኖ ቀረ። መነሻው ላይ ከሰው ጋር ይወጣል፤ ከከተማው ጫፍ ያለው ድልድይ ጋ ስንደርስ ብቻውን ከፊታችን እናገኘዋለን። አሠልጣኙ ግራ ገብቶታል። ረቡዕ ዳገት ላይ ልጆቹን ጥሏቸው የሚሄድ ሰው እሑድ ምን ይይዘዋል ይላል። ባሌን ስጠይቀው ዕድሜ ነው ይለኛል። እኔም ዕድሜ ነው እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ሾፌሩ ብቻ መሪውን ይዞ ለብቻው ይስቃል። የሚያስቅ ነገር አልታየኝም።

ጀርባውን ግን አየዋለሁ። በጎኑ ያጠበብኩለት ሸሚዝ ልክክ ብሎለታል። ብስክሌተኞች ጉድጓድ ሲያዩ ከኋላ ላለው ሰው በእጃቸው ያመለክታሉ። ከእሱ ኋላ ያለነው እኛ ብቻ ነን፤ ለእኛ ያመለክታል፣ ሾፌሩም ጎማውን ያሸሻል። ውሻ ሲያባርረው እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ውሻውንም ባለቤቱንም እሰድባለሁ። አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ሲያብለጨልጭ እሱ ፍሬን ይይዛል፣ እኔ ተቀምጬ ወለሉን እረግጣለሁ። የጭነት መኪና ከኋላ ሲያስጨንቀን ሾፌሩ መሃል መንገድ ይይዝበታል። ጥሩምባውን እስኪደክመው ይንፋው። እኔ አሁን ከመቀመጫዬ አልነሳም።

ባለፈው እሑድ ዝናብ ነበር። የመጨረሻው ዳገት ላይ ለመድረስ የተሰጠው ሰዓት አለፈ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱ ያለፈበት ቁጥሩን አስረክቦ ይሳፈራል። ሾፌሩ፣ በቃ እማማ፣ ይቀበሏቸው ብሎ መኪናዋን ከጎኑ አስጠጋ። ስመኘው የነበረው ቀን መጣ ማለት ነው። ባልሽም ሊመጣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

ባሌ አንድ እግሩን መሬት ላይ አደረገ። ውሃ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ማንም ሳይነግረው እጁን ወደ ጀርባው ሰዶ ቁጥሩን ሊነቅል ሞከረ፤ አልነቀል አለው። የሌሎቹ በመርፌ ቁልፍ ነው የሚያያዘው፤ የእሱን በድርብ ክር የምሰፋለት እኔ ነኝ። መርፌ ቁልፍ ልብስ ይበሳል፤ ልብስ ሰፊ ሚስት እያለችውም በመርፌ ቁልፍ አይሄድም። ቢስበው ቢስበው እንቢ አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ እስቲ መቀስሽን አቀብዪኝ አለኝ።

መቀስ አልያዝኩም አልኩት። መቀስ ከሌለ ክሩ አይቆረጥ፣ ክሩ ካልተቆረጠ ቁጥሩ አይመጣ፣ ቁጥሩ ካልመጣ እኔ ምን ብዬ ልመዝግብ፣ ምን ትገትረኛለህ ሂድ አልኩት። ሾፌሩ ቦርሳዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ማርሽ አስገባ። የቦርሳዬን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በሠርግሽ ዕለት የቬሎሽን ክር የቆረጥኩልሽ መቀሱን ከየት አውጥቼ ነበር?

ስንደርስ መድረሻው ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ አውርደው እየጠቀለሉ ነበር። አሠልጣኙ ብቻ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ አገኘነው። ባሌ ከብስክሌቱ ሳይወርድ መጀመሪያ ዞሮ መኪናዋን አየ።

እንግዲህ ለባልሽ ንገሪው፤ ለብስክሌቱ ብሎ እንዳይመጣ። ለእኛ ከመጣ ይምጣ፣ ፒክአፑን ግን እዚያው ይተወው። ኮሪደር ውስጥም ቢፈልግ አያገኘውም፤ አሁን የሚቆመው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ነው። ጥፋተኛነቱ ግን አልተነሳለትም፤ ይህንንም ጨምረሽ ንገሪው።

ፈጣሪ ወገብሽን ይማርልሽ። ልጆችሽን በወጡበት ይጠብቅልሽ፣ በሰላም ያስገባልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጉደልበት። ባልሽንም ይባርክልኝ፤ ይህን ግን እንዳትነግሪው።

እሑድ ልትደውዪልኝ ከፈለግሽ ማታ ደውዪ፤ ቀን ቤት አልገኝም። በር ላይም አልገኝም። ለአንቺም ለእሱም የቆምኩት ይበቃኛል፤ ከእንግዲህ በር ላይ ቆሜ ማንንም አልጠብቅም።

ታላቅ እህትሽ