ማን ተናገሪልኝ አለሽ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት 10፡30

18 ማዞሪያ። ታክሲው አልሞላም። ረዳቱ «ሳንሱሲ! ሳንሱሲ!» እያለ ይጮኻል። እግሬ አላርፍ ብሏል፣ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ገላመጡኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ። ጉልበቴ ላይ ነሽና ፊደሌ ቢንሻፈፍ ቻዪው።

ከቡድናችን መመለሴ ነው። ያችው የኮልፌዋ ክፍል። ኦቲዝም ያለብን፣ እንደ እኔ ኤዲኤችዲ ያለብን፣ ሐሳባችንም እግራችንም የማያርፍ፣ ንባብ የሚያስቸግረን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ሐኪም የለም፣ ወላጅ የለም። እኛው ለእኛው።

ዛሬ ዮናታን ልክ አልነበረም። ጋሽ ተካልኝ እንጨት ቤት ለሙከራ ከገባ ወዲህ ደስ ብሎት ነበር። ሐሙስ ግን እያለቀሰ ቤቱ ገባ። ለምን? አልተናገረም። እሱ ሲደክመው ቃል ይጠፋበታል፣ ያኔ በስልኩ ይጽፋል። ዛሬ አልጻፈም። ከእኛው አንዷ ሐናን ግን፣ ሲፈልግ ይነግረናል፣ ተዉት አለች።

እኔ ግን ገብቶኛል። ማሽኑ ነው! ያ የእንጨት መጋዝ ጆሮ ያደነቁራል። አንድ ሰው ሄዶ ለባለቤቱ ማስረዳት አለበት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። 6 ሰዓት

ሄድኩ! ኮሌጅ መግባት ነበረብኝ፣ ቀረሁ። ዮናታን ዕቃ ሊያደርስ ወጥቷል። እሰየው፣ እንደልቤ አወራሁ። ኦቲዝም ምን እንደሆነ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚያስጨንቀው፣ ማልቀሱን ሳይቀር። ጋሽ ተካልኝ ደግ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው እስከመጨረሻው ሰሙኝ። እኔን ልጄ፣ ሳላውቅ ጎዳሁት አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ኋላ መጋዘን ውስጥ ሊያደርጉት ነው።

እየበረርኩ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ 12፡15

ዮናታን ጻፈልኝ። እንዳለ ልገልብጠው።

«ማን ተናገሪልኝ አለሽ?»

ከዛ፦ «ማሽኑን እወደዋለሁ። ማሽኑ አንድ ድምፅ ነው። ሰው ነው ብዙ ድምፅ።»

ከዛ፦ «አሁን ጨለማ ቤት ሚስማር እለቅማለሁ። ማልቀሴን ሁሉም ያውቃል።»

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ይቅርታ ብቻ ላኩ። ግቢውን እዞራለሁ። እማዬ በመስኮት፣ ምን ያንቆራጥጥሻል፣ ራት ቀረበ አለችኝ። አልበላልሽም አልኳት። ትንሽ ቆይቼ ቆሜ በላሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት 4፡00

ክፍል ውስጥ። መምህሩ አስወጥቶ አናገረኝ። ቀርቻለሁ፣ አርፍጃለሁ፣ ፈተና ላይ ግማሹን ሳልነካ ወጥቻለሁ። እንዲህ ከቀጠልሽ ይህን ኮርስ ትደግሚያለሽ አለ። በቁጣ አይደለም። ምክንያት ካለሽ ንገሪኝ አለኝ።

ታክሲ አጥቼ ነው አልኩት።

ታክሲ! የዮናታንን ጭንቅላት ለማላውቀው ሰው ሳብራራ ምላሴ አልተያዘም። የራሴ ሲሆን ታክሲ። የእማዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ የውስጥሽን ለሰው አትዘርዝሪ፣ ስም ያወጡልሻል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከሰዓት

ለሐናን ደወልኩ። ጋሽ ተካልኝ ጋ ሄጄ ላስተካክለው ነው አልኳት። ጮኸችብኝ።

«ደግሞ ልትሄጂ? ልጁን ጠይቂው እንጂ!»

ይህንን አላሰብኩትም። ወላሂ፣ እንደሷ ልማልና፣ አንዴም አላሰብኩትም። ምን ላድርግልህ ብዬ ጻፍኩለት። ስልኩ ላይ ሳፈጥ ዋልኩ። መለሰ፦

«ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ። አብረሽኝ ቁጭ በይ። አታውሪ።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። 11 ሰዓት

አላወራሁም! የሻርፔን ጫፍ ነክሼ ጨረስኩት እንጂ አላወራሁም።

ዮናታን ሊናገር ያሰበውን ስልኩ ላይ ጽፎ መጥቷል። ጀመረ፣ ቆመ። ቃሉ አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ጋሽ ተካልኝ ወደ እኔ ዞሩ፣ ምን ሊል ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔን!

«እሱን ይጠይቁት» አልኩ። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው።

ጠየቁት። ጠበቁት። ሲመጣ መጣለት።

«ከኋላ አትንኩኝ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ እንጨት እየገፋሁ አንዱ ትከሻዬን ያዘኝ። እጄ መጋዙ ጋ ነበር። ፊት ለፊት መጥታችሁ ጥሩኝ። ሥራ ስትቀይሩብኝ ቀድማችሁ ንገሩኝ። ማሽኑ ጋ መልሱኝ።»

ጋሽ ተካልኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። እጁ መጋዙ ጋ እያለ! ሠራተኞቹን እዚያው ጠርተው፣ ማሽን ላይ ያለ ሰው ከኋላ አይነካም፣ እሱ ብቻ አይደለም፣ ማንም፣ አሉ። ነገር ግን መጋዙን አልፈቀዱለትም። ለጊዜው እንጨት ማለስለሻው ላይ ሁን አሉት።

«ለጊዜው ስንት ነው?» አለ ዮናታን።

ሳቁ። እስከ ወሩ መጨረሻ፣ ከዛ እናያለን። እሺ አለ። ሙሉ ድል አይደለም። የእሱ ግን ነው።

ፌርማታ ድረስ አብረን ሄድን። የመምህሩን ጉዳይ ነገርኩት። አሰበበት፣ ከዛ ኮስተር ብሎ፦

«እኔ ልናገርልሽ?»

ደብተሬ፣ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን ከልቡ ነው። ፈቃድ እየጠየቀኝ ነው።

አይ፣ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ማታ 2፡00

ቡድኑ ደንብ አወጣ። የአንዱን ጉዳይ ሳይጠይቁት ውጪ ማውጣት ክልክል። ሁሉም አዩኝ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያማል፣ ልክ ነው።

ከዛ ለልምምድ ሐናን መምህሩን ሆነች፣ እኔ ራሴን። ምን ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ባዶ! ለሰው የሚያስፈልገውን በየቀኑ አውቃለሁ። ለራሴ ግን ባዶ። እየተቅበጠበጥኩ፣ እየቆምኩ፣ እየተቀመጥኩ በመጨረሻ ወጣ፦ ፈተና ሰው በማይወጣ በማይገባበት ክፍል። የቤት ሥራ ሲሰጠኝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም። ይኸው ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነበር?

ለእማዬ ነገርኳት። ስም ቢያወጡልሽስ አለች። ዱሮም አውጥተውልኛል፣ ችኩል፣ ዝርክርክ፣ ቀልበ ቢስ አልኳት። ያወጣችው እሷም ናት። ይህን አልጨመርኩም፣ ገባት መሰለኝ። ቀሚሴን ተቀብላኝ ተኮሰችልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት 2፡40

የመምህሩ በር። ቆሜ ነው የምጽፈው። እግሬ እየዘለለ ነው፣ ይዝለል። ሐናን ልምጣ ብላ ነበር፣ ብቻዬን አልኳት። ሦስት ነገር ብቻ፦ ኤዲኤችዲ አለብኝ። የምፈልገው ይህ ነው። ከዛ ዝም ብዬ መልሱን መጠበቅ። ሦስተኛው ነው የሚገድለኝ። እጠብቃለሁ። ኮርሱን ትደግሚያለሽ ቢለኝም እጠብቃለሁ።

በሩ ተከፈተ። ግቢ አለኝ፣ ልዝጋሽ ደብተሬ፣ እኔው ለራሴ ልናገር።