ጭንቅላቷ አይቀበልም ያልኩህ ልጅ

ውድ ባለቤቴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርህ፤ አንተም ሳታውቀው ነው ያረፍከው። ጭንቅላቷ አይቀበልም ያልኩህ የልብስ አጣቢያችን ልጅ፣ ከእኛዋ እንደምትበልጥ አውቅ ነበር።

ርዕሰ መምህር ሳለህ ጎበዞች ለሚማሩበት ልዩ ክፍል ልጆች ስትመርጥ፣ ሲቸግርህ ራት ላይ እኔን ትጠይቀኝ ነበር። ያን ዓመት አንድ ወንበር ቀረ፤ ለእሱ የእኛ ልጅና የአጣቢዋ ልጅ ተፎካከሩ።

"በውጤት የአጣቢዋ ልጅ ትበልጣለች" አልከኝ።

"ሸምድዳ ነው። ጭንቅላቷ አይቀበልም።"

አመንከኝ። እኔ ፊደልን ብቻዬን ታግዬ ለይቼ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ያቺ ልጅ ከእናቷ የልብስ ሳፋ አጠገብ ቀና ብላ ታርመኝ ነበር። የጠላኋት ለዚያ ነው።

ልጃችን ዛሬ የዳታ ሳይንስ ባለሙያ ናት። የተማሪዎችን የቆየ ውጤትና ምደባ በኮምፒውተር እያነጻጸረች፣ ትምህርት ቤቶች በየትኛው ልጅ ላይ እንዴት እንደሚፈርዱ ታጠናለች። ያንተም ትምህርት ቤት ገብቶበታል። የልጆቹ ስምና ዓመቱ ተሰርዞ ቁጥር ብቻ ነው የምታየው፤ ያንተ ዘመን መሆኑን ግን ታውቃለች።

ትናንት እየሳቀች መጣች። "እማዬ፣ ጉድ አገኘሁ! ትልቅ ውጤት ያላት ወደ ታች፣ ትንሽ ያላት ወደ ላይ! የማን ቅምጥል እንደሆነች እንጃ። አባዬን ያሞኘው ሰው አለ።"

ይህን ስትል በሩ ተንኳኳ። ያቺው የአጣቢያችን ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ልብሳችንን የምታጥበው እሷ ናት።

"እትዬ፣ ሸሚዙ ደርሷል።"

"አንቺም እዚያ ነበር የተማርሽው አይደል? የትኛው ክፍል ነበርሽ?" አለቻት ልጃችን።

"የታችኛው። አስተማሪዎቹ ጭንቅላትሽ አይቀበልም አሉኝ። እኔም አላሳፈርኳቸውም፤ ይኸው ካውያ ይዤ ቀረሁ!"

ቃል በቃል የእኔ ነበር። ከእኔ ወደ አንተ፣ ከአንተ ወደ አስተማሪዎቹ፣ ከእነሱ ወደ እሷ ወርዶ ኖሯል። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። እኔ ሻይ ቀዳሁላቸው።

ይህን ደብዳቤ ለልጃችን ልሰጣት አስቤ ነበር። እሷ ግን አልቅሳ ይቅር ትለኛለች፤ የሚቀልለው ለእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰኞ የሚታጠበውን ልብስ ልትወስድ ስትመጣ፣ በእጇ የምሰጠው ለአጣቢያችን ነው። ጮክ ብላ እንድታነብልኝ እለምናታለሁ። የተሳሳትኩት ካለም፣ እንደ ድሮው ታርመኝ።