የካቴድራሉ ደጃፍና የኑሃሚን ጫማ

ውድ ወንድሜ ገሠሠ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፤ ኑሃሚን ማዕተቧን አልበጠሰችም። የእጮኛዋ የዳንኤል ቤተሰቦች አንግሊካን ስለሆኑ ሰርጉ በእነሱ ካቴድራል ይሁን አለች እንጂ፣ ልጄ ዛሬም አንተ ያሳደግካት ልጅ ናት። «በፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ለምታገባ ጉልበቴን አላስምም» ብለህ ከዘጋህብኝ ወዲህ ስልክ አታነሳም። የምጽፍልህ አንተ ያለህበት ኖርክሮስ እኔ ካለሁበት ከሎረንስቪል ርቆብኝ አይደለም። ደብዳቤ ሲሆን አታቋርጠኝም ብዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኑሃሚን ወስዳ ካቴድራሉን አሳየችኝ። ዕድሜህን ድንጋይ ስትጠርብ የኖርክ ሰው ነህና፣ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ከመሀል ከተማው፣ ከሚድታውን አለፍ ብሎ ኮረብታ ላይ የቆመ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ አሠራሩ ግን እንግሊዞች ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ካቴድራል ይሠሩበት የነበረው ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከሮም ስትለይ ካቴድራሎቹን ወረሰች፤ ወደ አሜሪካ የተሻገሩትም ያንኑ መልክ ይዘው መጡ። ቅስቶቹ ጫፋቸው ሹል ነው። ክብ ቅስት ክብደቱን ወደ ጎን ሲገፋ፣ ሹሉ ወደ ታች ያወርደዋል። ግድግዳውን ከውጭ በድንጋይ ድጋፍ ስለሚያቅፉት መስኮቱን እንደልባቸው ያሰፉታል። በባለቀለሙ መስታወት የገባው ፀሐይ ወለሉን ቀይና ሰማያዊ አድርጎት ነበር። ካቴድራል የተባለውም የጳጳሱ መንበር ስላለበት እንጂ ስለገዘፈ አይደለም። ውስጡ እንደኛው ሦስት ክፍል አለው፤ የምእመኑ፣ የመዘምራኑ፣ ከዚያም መሠዊያው። አንድ ነን አልልህም። የእግዜርን ቤት ማክበር እንደሚያውቁ ግን አይቻለሁ።

ደጃፉ ላይ ስደርስ እንደልማዴ ጫማዬን አውልቄ መቃኑን ተሳለምሁ።

«ማሚ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ እዚህ እኮ በጫማ ነው የሚገባው!» አለች ኑሃሚን።

«የተቀደሰ መሬት ካልሆነ ምን ልታገቢበት መጣሽ?» አልኋት።

በር ላይ እንግዳ የሚቀበሉ አንድ ነጭ ሽማግሌ እግሬን ያመመኝ መስሏቸው ዊልቸር እየገፉ መጡ። ኑሃሚን ስታስረዳቸው አፈሩ፤ ወንበሩን ትተው ጎንበስ አሉና ጫማዬን አነሡ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በሁለት እጃቸው እንደ ንዋየ ቅድሳት ተሸክመው እስከ መሠዊያው ተከተሉኝ! ጫማ ውጭ እንደሚቀር ማን ነግሯቸው! «አስወጪልኝ» ብዬ ልጄን ብቆነጥጣት ጭራሽ ሳቋ አመለጣት። አንተም አሁን እየሳቅህ ነው፤ አውቅሃለሁ።

ስንወጣ ግን መኪና ውስጥ ገብታ፣ ሳታስነሣ፣ «ደብረ ብርሃን እያለን ጋሼ ጫማዬን ይይዝልኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኋት። አባቷ ከሞተ ወዲህ በየሰንበቱ ይዘሃት የምትሄደው አንተ ነበርክ። ጫማዋ እንዳይሰረቅ፣ ስትወጣም እግሯን እንዳይበርዳት፣ ጋቢህ ውስጥ ታቅፈኸው ቅጥሩ ሥር ትቆም ነበር። ለእሷ ስትል ስንቱን ቅዳሴ ከውጭ ሆነህ አስቀደስህ!

«ኦኬ፣ እኔም በሰርጌ ቀን አውልቄ ነው የምገባው» አለች። «ጫማዬን ግን ከጋሼ ሌላ ማንም አይነካውም። ካልመጣ እዚያው ደጃፉ ላይ ይደር።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እንግዲህ ገሠሠ፣ ካቴድራሉ ውስጥ ግባ ብዬ አላስጨንቅህም። ጠዋት ቤት መጥተህ ጉልበትህን ትሳም፣ መርቃት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁምላት፤ ከውጭ መቆም ታውቅበታለህ። ሰርጉ በኅዳር ነውና ይበርዳል፣ ጋቢህን ያዝ።

ትመጣ እንደሆነ እስከ መጪው እሑድ ቁርጡን ጻፍልኝ። መጻፉ ከከበደህ ነገ ስደውል ስልኩን አንሣ።

እኅትህ ዘውድነሽ